አየርን አባሮ አየርን መለመን

አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዲያሜትሩ 58 ሳንቲሜትር፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ 3,500 ዋት ነው ይባል። ሒሳብ የማይፈራ ሰው ኃይሉን ለምጣዱ ስፋት ቢያካፍለው ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር የሚደርሰው 1.3 ዋት ገደማ ነው። በዚህችው 1.3 ዋት እንጀራው ዓይን ያወጣል፤ ጣቷን ያስነካች ጋጋሪም ጾም ሆነ ፍስክ አፏን መቆጣጠር ያቅታታል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያወጣው ኮር አይ9-13900ኬ የተባለ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አለ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሲሊከን ቁራጭ ስፋቱ 257 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይተርፍም። ሥራ ሲበዛበት እንዲወስድ የተፈቀደለት ኃይል ግን 253 ዋት ነው። ሲካፈል ለካሬ ሳንቲሜትር 98 ዋት ይመጣል፤ ምጣዱን ከ70 እጥፍ በላይ ያስከነዳዋል ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንዲሞቅ ተብሎ መሠራቱ ነው። ፕሮሰሰሩ የተሠራው እንዲያሰላ ነው፤ ሙቀቱን ማንም አላዘዘውም። 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስም በቃኝ ይላል።

ይህን ሁሉ ሙቀት ተረክቦ እንዲያስወግድ ከላይ የሚጫንበት ባለብዙ ክንፍ ብረት ሂትሲንክ ይባላል፤ ክንፎቹን የሚያናፍስ ፋንም አለው። በፕሮሰሰሩ ክዳንና በሂትሲንኩ መካከል ከትንሽ ስሪንጅ ተጨምቆ የሚወጣ ግራጫ ቅባት ይገባል። ቴክኒሻኖች ተርማል ፔስት፣ ሲቸኩሉ ደግሞ ፔስት ብቻ ይሉታል። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮችን በጥፍር ስፋት ላይ ያሰፈረ ጥበብ ዞሮ ዞሮ ቅባት ፍለጋ ይወጣል።

ለምን? የክዳኑም የሂትሲንኩም ፊት ለዓይን መስተዋት ቢመስልም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ኮረብታና ሸለቆ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው፤ ሸለቆውን አየር ይይዘዋል። አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከሰነፎች ሁሉ የመጨረሻው ሰነፍ ነው። የመዳብ ችሎታ 400 ሲሆን (መለኪያው ዋት በሜትር በኬልቪን ነው) የአየር 0.026 ብቻ ነው፤ መዳቡ 15,000 እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ አየሩ ከዚያች ክፍተት መባረር አለበት። ቅባቱ የሚቀጠረው ለማባረሩ ነው።

የሚያስቀው ቅባቱ ራሱም ጎበዝ አለመሆኑ ነው። ደህና የሚባለው ፔስት ችሎታው 8 አካባቢ ነው፤ መዳብ 50 ጊዜ ይበልጠዋል። ከአየር ጋር ሲወዳደር ግን 300 ጊዜ ይሻላል። ሥራውን ያገኘው በተፎካካሪው ድክመት ነው፤ እንዲህ ያለ ቅጥር በየመሥሪያ ቤቱ ያየ ሰው አይገርመውም። ውስጡ ቢመረመርም የሚያኮራ ነገር አይገኝበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሲሊኮን ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ወይም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ተለውሶ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ዳይፐር ያቃጠለው ሕፃን መቀመጫው ላይ የሚቀባው ነጭ ክሬም ውስጥም አለ። ሕፃኑም ፕሮሰሰሩም በአንድ ዱቄት ይታከማሉ።

ፕሮሰሰር ከጥንትም ትኩሳታም አልነበረም። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 2,300 ትራንዚስተሮች ይዞ አንድ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ቅባት አምጡልኝ ያለበት ጊዜ የለም። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ እንኳ ብዙዎቹ የ486 ፕሮሰሰሮች ያለ ሂትሲንክ ራቁታቸውን ይሠሩ ነበር። በ1993 የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች 15 ዋት ያህል ይዘው ሲመጡ ግን ሂትሲንክና ፋን የደንብ ልብስ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። ገዢው ሜጋኸርትዝ ይቆጥራል፣ አምራቹ ሜጋኸርትዝ ይጨምራል፣ ዋቱ ከኋላ ሆኖ ዝም ብሎ ይከተላል።

ዋቱን የቆጠረ ሰው አልጠፋም። የኢንቴሉ ከፍተኛ ኃላፊ ፓት ጌልሲንገር በ2001 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለተሰበሰቡ መሐንዲሶች ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የፕሮሰሰሮች የሙቀት እፍጋት መጀመሪያ የኒውክሌር ማብለያን፣ ቀጥሎ የሮኬት አፍን፣ በመጨረሻም የፀሐይን ፊት እንደሚያክል በሥዕል አሳየ። ተሰብሳቢው ሳቀም ደነገጠም መሥሪያ ቤቱ ሩጫውን አላቆመም። በ2004 ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 ከ100 ዋት ተሻገረ። ተከታዩ ቴጃስ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከመወለዱ በፊት ተሰረዘ። በጥቅምት ደግሞ ቃል የተገባለት ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 ቀረ፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬትም ኦርላንዶ ከተማ በተደረገ ጉባኤ መድረክ ላይ በቀልድ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። በሀበሻ ደንብ ድንጋይ መሸከሙ ብቻ ነበር የቀረው። ኢንዱስትሪው ከዚያ ወዲህ አንዱን ሠራተኛ እስኪያልበው ከማሯሯጥ ይልቅ ሠራተኛ መጨመርን መረጠ፤ ባለ ሁለት፣ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት ኮር የሚባሉት ፕሮሰሰሮች የተበራከቱት በዚህ መንገድ ነው።

ቅባቱና ሂትሲንኩ ጨርሶ ባይኖሩስ? ይህንን ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ በ2001 በቪዲዮ አሳይቶታል። ኩዌክ 3 የተባለው ጨዋታ እየሄደ ሳለ ሂትሲንኩ ከፕሮሰሰሩ ላይ ተነሣ። ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ እየተጎተተም ቢሆን ጨዋታውን ቀጠለ፤ ሂትሲንኩ ሲመለስለት ምንም እንዳልደረሰበት ተነሥቶ ሮጠ። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ አትሎን ግን ጊዜ አላባከነም፤ ጢሱን አውጥቶ ተሰናበተ። ቪዲዮውን ያየ የአትሎን ባለቤት ሁሉ ኬዙን ከፍቶ የሂትሲንኩን መያዣ በጣቱ ሳይሞክር አላደረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ሁሉም ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን መጠበቅ ተምረዋል። ሲሞቃቸው ዝግ ይላሉ፤ ካልበረደላቸው ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ጢስ የማይታይበት በሽታ ስሙ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል፣ አንቲቫይረስ ይጭናል፤ አንቲቫይረሱ ፕሮሰሰሩን ያሠራዋል፣ ፕሮሰሰሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥም ይንቀራፈፋል። ይሄኔ ዊንዶውስ በአዲስ ይጫናል። ሂትሲንኩ ግን እንደ ታፈነ ነው።

ቅባት ስለመቀባት የሚደረገው ክርክር ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሐል ላይ ጣል አድርጎ ሂትሲንኩን መጫን በቂ ነው የሚል ወገን አለ። አንድ ቀጭን መስመር፣ የለም ሁለት መስመር የሚሉ አሉ። ኤክስ ሠርተው የሚጨምቁ አሉ። በአሮጌ የባንክ ካርድ ጥግ ለጥግ የሚለቀልቁ ጥንቁቆችም አሉ፤ እነዚህ አተረኞቹን በግድየለሽነት ይከሳሉ። በ2018 ዘ ቨርጅ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚገጣጠም የሚያስተምር ቪዲዮ ባወጣ ጊዜ አቅራቢው ሂትሲንኩ ከፋብሪካ ፔስት ተቀብቶለት ስለመጣ ሌላ ፔስት እንደማያስፈልግ ሳያስተውል በላይ በላዩ ጨመረ። ተመልካች ሊምረው አልቻለም፤ ቪዲዮውም በብዙ ስህተቶቹ ተነቅፎ ከቦታው ተነሣ። በክርክሩ ጊዜ ብዙዎች ልብ ያላሉት ነገር ግን ትርፍ ቅባት የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ መሆኑ ነው። ሂትሲንኩ ሲጠብቅ ትርፉ በጎን ተጨምቆ ይወጣል፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት ከሆነ ከማስጠላቱ በቀር የሚያቃጥለው ነገር የለም። የሚያስፈራው ማነሱ ነው። ቅባት ያልደረሰበት ቦታ አየሩ ተመልሶ ይሰፍርበታል።

የሚያስጠላውን ለመከላከልም ገበያ አልታጣም። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣቸው ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ክዳናቸው በዙሪያው የተቦረቦረ ስለሆነ ትርፉ ፔስት ከየጉድጓዱ ገብቶ ይቀራል። የኦስትሪያው ኩባንያ ኖክቱዋም ቅባቱ ከጉድጓዶቹ እንዳይገባ ዙሪያውን የሚያጥር ስስ መከለያ ሠርቶ ሸጠ። ለቅባትም አጥር ተሠራለት ማለት ነው። እነዚሁ ፕሮሰሰሮች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ 95 ዲግሪ መድረሳቸው በንድፋቸው የታሰበ እንደሆነ ኤኤምዲ ደጋግሞ ማስረዳት ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፕሮሰሰሩ ከፈላ ሻይ በላይ ሞቆ ጤነኛ ነኝ ይላል ማለት ነው። እንዲህ ሲሉት የሚያምን ባለቤት ጥቂት ነው፤ ብዙው ፔስቱን አንሥቶ እንደገና ይቀባል።

አየር ማባረር ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ማንኛውም የሚለጠፍ ነገር አይበቃም ወይ? ይህንንም የሞከረ አለ። አውስትራሊያዊው የቴክኖሎጂ ጸሐፊ ዳንኤል ሩተር በ2002 እውነተኛ ፔስቶችን ከጥርስ ሳሙናና አገሩ ከሚወደው ቬጂማይት፣ ማለትም ከእርሾ ከሚሠራ ጥቁር የዳቦ ማባያ፣ ጋር አወዳደረ። ሁለቱም ከእውነተኞቹ ብዙም አልራቁም። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ውኃ ይተንና ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ የተባረረውም አየር በስንጥቁ ይመለሳል። ቅቤስ የሚል አንባቢ ይኖራል። ቅቤ ገና ፕሮሰሰሩ ሳይነቃ ቀልጦ ማዘርቦርዱን ያጥለቀልቀዋልና ለአናት ቢቀር ይሻላል። ገንዘብ የሚከፈልበት ፔስት ከነዚህ የሚለየው ለዓመታት ሳይደርቅ በመቆየቱ ነው። እሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ብረቱ ሲሞቅ እየሰፋ ሲበርድ እየጠበበ ቅባቱን ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ዘይቱም ከዱቄቱ ይለያል። የአሥር ዓመት ኮምፒውተር ሲከፈት ሂትሲንኩ ሥር የሚገኘው ፍርፋሪ ምስክር ነው።

የቅባት ነገር ከሁሉ በላይ ጉድ ያፈላው ግን ባለቤቱ በማያየው ቦታ በተቀባ ጊዜ ነው። በፕሮሰሰሩ ክዳን ሥር፣ በክዳኑና በሲሊከኑ መካከል፣ ሁለተኛ ክፍተት አለች። በ2011 በወጡት ሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ኢንቴል ያችን ክፍተት በብየዳ ዘግቷት ነበር። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ኢንዲየም የተባለው ለስላሳ ብረት ሙቀት በማስተላለፍ ከፔስት አሥር እጥፍ ይሻላል። በ2012 አይቪ ብሪጅ ሲመጣ ብየዳው ቀርቶ ፔስት ተተካ፤ ፕሮሰሰሩም እንደ ቀድሞው በርዶ አልገኝ አለ። የኮምፒውተር አፍቃሪው ዓለም ተንጫጫ። የአንድ ወር ደመወዝ የፈሰሰበትን ፕሮሰሰር በምላጭ መግፈፍ፣ ወይም በሞርሳ አስሮ እንጨት አስደግፎ በመዶሻ መምታት እንደ ጀግንነት ተቆጠረ። ክዳኑ ሲነሣ የተገኘው ግን ፔስቱን የሚያስወቅስ ብቻ አልነበረም። ክዳኑን ያጣበቀው ሙጫ ስለወፈረ ክዳኑ ከሲሊከኑ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቅባቱም ወፍሮ ተቀምጧል። ሙጫውን ፍቆ መልሶ መግጠም ብቻውን ሙቀቱን ሲቀንሰው ታየ። ቅባት ስስ ሲሆን አሳላፊ፣ ሲወፍር ከልካይ ይሆናልና። ኢንቴል በ2018 ኮር አይ9-9900ኬን ሲያወጣ ወደ ብየዳው ተመለሰ፤ ሞርሳውም ወደ ብረት ሥራው።

ከፔስት የሚልቅ የሚፈልግ ደፋር ደግሞ ፈሳሽ ብረት ይቀባል። መሠረቱ ገሊየም ነው፤ ንጹሑ ገሊየም በ29.76 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከሌሎች ብረቶች ጋር ሲደባለቅ በተራ የክፍል ሙቀትም ይፈሳል። ሙቀት በማሳለፍ ፔስትን ያስንቃል። ግን ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፤ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ቦርዱን ልታቃጥል ትችላለች። አሉሚኒየም ካገኘ ደግሞ ውስጡ ዘልቆ ያፈራርሰዋል፤ ሂትሲንኩ አሉሚኒየም የሆነበት ሰው ይህንን ቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ሶኒ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን በፈሳሽ ብረት ሠርቶ ሲያወጣ ፈሳሹ ከቦታው እንዳያመልጥ ዙሪያውን አሽጎ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ከሲሊከኑ ወደ ክዳን፣ ከክዳኑ በቅባቱ በኩል ወደ ሂትሲንክ፣ ከዚያ ወደ ክንፎቹ ይደርሳል። ከክንፎቹ ወዴት? ወደ አየር። ከቅባቱ ሥር እንደ ሌባ የተባረረው ያው አየር ከክንፎቹ ዳር ሲደርስ ና፣ ግባ፣ ውሰድልኝ እየተባለ ይለመናል። ልዩነቱ እዚያ ተዘግቶበት የቆመ፣ እዚህ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዘው ኮምፒውተርም ከዚህ ልመና አያመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ሄዶ የሚያስረክበው ፋን ለሚነፍስበት ራዲያተር ነው። 253ቱ ዋት የትም አይጠፋም፤ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። በሐምሌ ድመቷ ዴስክቶፑ ላይ የምትተኛው ኮምፒውተር ወዳ አይደለም።

አየርን ያልለመነ አምራች ዋጋውን አግኝቷል። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ የፋን ድምፅ ስለማይወድ በ1980 የወጣው አፕል 3 ያለ ፋን ተሠራ። ብዙዎቹ ማሽኖች ቺፖቻቸው ከመሰኪያቸው እየላሉ አስቸገሩ፤ ብዙ ሰውም ጣቱን ሙቀቱ ላይ ቀሰረ። ኩባንያው ለባለቤቶች የሰጠው ምክር ማሽኑን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርገው እንዲለቁት ነበር፤ ሲወድቅ ቺፖቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ታስቦ። በሺዎች ዶላር ተገዝቶ በመጣል የሚጠገን ዕቃ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ አልታየም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልመናው ራሱ ከባድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያመጣው አየር ክብደቱ ያነሰ፣ የሚሸከመውም ሙቀት የዚያኑ ያህል ያነሰ ነው። አሽሬ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል፤ ለአዲስ አበባ ሲሰላ አምስት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከተማዋ ግን በሌላ እጇ ትክሳለች፤ አየሯ ቢሳሳም ቀዝቃዛ ነው።

የማይካሰው አቧራው ነው። በበጋ በመስኮት የገባውን አቧራ ፋኑ እየሳበ ክንፎቹ መሐል ይከተዋል፤ እዚያም ከፀጉርና ከምንጣፍ ብናኝ ጋር ተጋግሮ አየሩ እንዳያልፍ ይደፍነዋል። ብዙው ሰው ሲፒዩ ብሎ የሚጠራው ሳጥንም ብዙውን ጊዜ በዴስኩ ሥር በተሠራለት ጠባብ ጓዳ ተዘግቶበት ይኖራል፤ አቧራ እንዳይነካው የሚጨነቅ ባለቤት ካገኘ ደግሞ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ የሚከለክለው ከላይ የሚመጣውን አቧራ ነው፤ ፋኑ ከታች ይስባል።

እንዲህ ሆኖ የታፈነ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ቤት ሲመጣ ልምድ ያለው ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚያነሣው ብሎወሩን ነው። ወደ በር ይዞት ይወጣና ይነፋዋል፤ የስንት ዓመት አቧራ ደመና ሠርቶ ይወጣል፤ ባለቤቱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ይመለከታሉ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሲጮህ የኖረው ፋን ዝም ይላል። ሒሳብ ላይ ሲደረስ ግን ክርክር ይነሣል።

«እፍ ነው እኮ ያልክበት፣ ልጄ። ለእፍታ ይሄን ሁሉ?»

ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የሰማ ቴክኒሻን መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስሪንጁን ከመሳቢያ አውጥቶ ያሳያቸዋል።

«ፔስትም ቀይሬለታለሁ፣ ጋሼ።»

«የውጭ ነው?»

«የውጭ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ አትለኝም!» ይላሉ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ።